የ1970 ሼቬልን አድሶ መሸጥ፦ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩ

ወደዚህ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ለ14 ወራት ያህል ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከአጎቴ ጋር ተቀምጬ ነበር። አጎቴ ቀን የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጋራዥ ውስጥ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ገዝቶ፣ አድሶ ይሸጣል። ይህንን የሰሙ የክፍል ጓደኞቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹‹ያዋጣል እንዴ?›› የእኔም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ‹‹ሲገዛ በምን ላይ እንደታየ ይወሰናል።›› ይህ መልስ ለሻይ ቤት ወሬ ይበቃ ይሆናል እንጂ ለትምህርት ክፍላችን መጽሔት አይበቃም። ስለዚህ አብሬው የሠራሁትን አንድ መኪና፣ የ1970 ሞዴል ሼቭሮሌት ሼቬልን፣ ምሳሌ አድርጌ ነገሩን ለማስረዳት እሞክራለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ‹‹መስል ካር›› የሚባለው ምን ዓይነት መኪና ነው? በአጭሩ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ባለሁለት በር የቤተሰብ መኪና ተወስዶ ለትልቅ መኪና የተሠራ ሞተር ሲገጠምለት ነው። ብዙ ሰው መነሻ አድርጎ የሚወስደው የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለተወሰኑ ዓመታት በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ6.6 ሊትር ግድም የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር፤ ለ1970 ሞዴል ክልከላውን አነሳው። በዚያው ዓመት ሼቬል 454 ኪዩቢክ ኢንች (7.4 ሊትር) ሞተር ይዞ ወጣ። ከዚህም ውስጥ ኤል ኤስ 6 የተባለው 450 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ቁጥር ግን በድሮው ‹‹ግሮስ›› አለካክ ነው፤ ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ያለ ማርሚታና ያለ ብዙ ተቀጥላ ዕቃ የተለካ ነው። ከ1972 ጀምሮ አለካኩ ወደ ‹‹ኔት›› ስለተቀየረ የሁለቱን ዘመን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ስህተት ነው። እኔም ይህንን ስህተት በአንድ የቤት ሥራ ላይ ሠርቼ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ከዚያ በኋላ የኢንሹራንስ ውድነት፣ የጭስ ልቀት ሕግና የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ተደራርበው የእነዚህን መኪኖች ዘመን ዘጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኛ አገር ያገለገለ መኪና ስንገዛ የምንጠይቀው ‹‹ሞተሩ እንዴት ነው? ላሜራው አልበላም?›› ብለን ነው። በመስል ካር ገበያ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ‹‹መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ነበር?›› የሚል ነው። ሁለት ሼቬሎች ጎን ለጎን ቆመው በዓይን አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀለማቸው፣ ቸርኬያቸው፣ የሞተራቸው ድምፅ ሳይቀር። አንደኛው ከፋብሪካ ኤስ ኤስ ሆኖ ወጥቶ የተወለደበትን ሞተር ዛሬም ከያዘ፣ ዋጋው ኋላ ኤስ ኤስ ተደርጎ ከተሠራው እጅግ ይበልጣል። የመጀመሪያውን ነጋዴዎቹ ‹‹ማቺንግ ነምበርስ›› ይሉታል፤ ሞተሩና ካምቢዮው ላይ የተመታው ቁጥር ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይገጥማል ለማለት ነው። ሁለተኛውን ሻጩ ሐቀኛ ከሆነ ‹‹ትሪቢዩት›› ወይም ‹‹ክሎን›› ይለዋል። ሐቀኛ ካልሆነ ደግሞ ዝም ይላል።

ችግሩ የ1970 ሼቬል የሻንሲ ቁጥር ብቻውን ይህንን አይነግርም። ቁጥሩ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ይታያል። የእኛው መኪና 136370ቢ ብሎ ይጀምር ነበር። 1 ሼቭሮሌት ማለት ነው፤ 36 ማሊቡ ባለ 8 ሲሊንደር፤ 37 ባለሁለት በር፤ 0 የ1970 ሞዴል፤ ‹‹ቢ›› ደግሞ ባልቲሞር የተገጣጠመ። የባልቲሞሩ ፋብሪካ ከአጎቴ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር፤ በ2005 ተዘጋ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ‹‹ባለ 8 ሲሊንደር›› ይላል እንጂ የትኛው ባለ 8 እንደሆነ አይልም። ትንሹ 307 (5 ሊትር)ም ባለ 8 ነው፣ ትልቁ 454ም ባለ 8 ነው። በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ኤስ ኤስ የራሱ መለያ፣ 138፣ ነበረው። ከ1969 ጀምሮ ግን ደንበኛው ሲያዝዝ የሚጨምረው ተጨማሪ ዕቃ ስለሆነ ከሻንሲ ቁጥሩ ላይ ጠፋ። አስመሳዮች በ1970 ሼቬል ላይ የበዙት ለዚህ ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያው ማስረጃ ሞኖብሎኩ ላይ፣ ከፊት በተሳፋሪው በኩል፣ ከቴስታታው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ለጥ ያለች ቦታ ናት። እዚያ ላይ ሞተሩ የተሠራበት ፋብሪካ ፊደል፣ ወርና ቀን፣ የሞተሩን ዓይነት የሚናገሩ ሦስት ፊደላት እና ከፊሉ የሻንሲ ቁጥር ይመታል። ለምሳሌ ‹‹ሲ አር ቪ›› የሚል ከተገኘ ኤል ኤስ 6 በእጅ ማርሽ ነው። ሁለተኛው ማስረጃ ወረቀት ነው። ፋብሪካው ውስጥ መኪናው በመስመሩ ላይ ሲሄድ ሠራተኞቹ የሚያነቡት ‹‹ቢልድ ሺት›› የሚባል የትእዛዝ ዝርዝር ነበረ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ አንዳንዴ ወንበሩ ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንዳንዴ ነዳጅ ታንኩ አናት ላይ ትተውት ይሄዱ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህ ቆሻሻ ወረቀት ከአንድ ሞተር ሊበልጥ የሚችል ዋጋ አለው። ሦስተኛው ቀላሉ ነው፤ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ገብቶ የኋላውን ዲፈረንሻል ክዳን ብሎኖች መቁጠር። ትልቁ ሞተር የተገጠመለት ኤስ ኤስ ባለ 12 ብሎን ዲፈረንሻል ይዞ ነበር የሚወጣው። 10 ከሆነ ቢያንስ ዲፈረንሻሉ የራሱ አይደለም።

አጎቴ መኪናውን የገዛው ከአንድ ግለሰብ በ21,500 ዶላር ነው። ቀይ ነበር፤ በኮፈኑ ላይ ጥቁር መስመር፣ ከፊት ‹‹ኤስ ኤስ›› የሚል አርማ፣ ከውስጥ 402 ሞተር። (በነገራችን ላይ በ1970 ‹‹ኤስ ኤስ 396›› እየተባለ የተሸጠው መኪና ውስጡ ያለው ሞተር 402 ኪዩቢክ ኢንች ነበር፤ ስሙ ስለሸጠ አልቀየሩትም።) ሻጩ ‹‹ኦሪጅናል ነው፣ ወረቀቱ ግን ጠፍቷል›› አለ። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የሞተሩ ድምፅ ደግሞ ያምር ነበር። አጎቴ በዚህ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይቷል፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ሁለታችንም ከሥር አልገባንም። ይህንን የምጽፈው ዋናው ለዚህ ነው፤ አንድ የእጅ ባትሪና አምስት ደቂቃ ነበር የጎደለን።

ማፍረስ ስንጀምር ነገሩ በየቀኑ ይገለጥ ጀመር። መጀመሪያ ብሎኖቹ፤ አሥር። ቀጥሎ ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ያለችው የፋብሪካ ሰሌዳ የቀለም ቁጥር 28 ትላለች፤ 28 ‹‹ፋዞም ብሉ›› የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ቀይ አይደለም። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ቀለም ይቀየራል። ከዚያ ሞኖብሎኩ ላይ ያለችውን ቦታ በቀጭን ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጽድተን አነበብናት። የእኛው መኪና ቢሆን ኖሮ 10ቢ ብሎ መጀመር ነበረበት። 12ጄ ነበር የሚለው። 2 ማለት የ1972 ሞዴል፣ ‹‹ጄ›› ማለት ደግሞ ጄንስቪል፣ ዊስኮንሲን፤ ትልልቆቹ ሼቭሮሌቶች ይገጣጠሙ ከነበረባቸው ፋብሪካዎች አንዱ። ሞተሩ የሌላ መኪና ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ነዳጅ ታንኩን ስናወርድ አናቱ ላይ ቢልድ ሺቱ ተጣብቆ አገኘነው። ግማሹን አይጥና ዝገት በልቶታል። የተረፈው ግን በቂ ነበር፤ 307 ሞተር፣ ባለሁለት ማርሹ ፓወርግላይድ ካምቢዮ፣ እና ዜድ 25 የሚባለው የኤስ ኤስ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ። አጎቴ ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ቤት ገባ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም።

ሥራውን መተው ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የፈረሰ መኪና ማንም በገዛህበት ዋጋ አይገዛህም። ስለዚህ ቀጠልን። ሼቬል አካሉ ከሻንሲው ተነጥሎ የሚነሳ መኪና ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ለያየነው። እያንዳንዱ ብሎን በከረጢት፣ እያንዳንዱ ከረጢት ስም ተጽፎበት፣ ከመፍታታችን በፊት ፎቶ ተነስቶ። እኔ ይህ ነገር ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፤ ከአምስት ወር በኋላ የፊት መብራት መያዣውን ስንመልስ ነው ያመሰገንኩት።

ከሁሉም የበለጠ ሥራ የያዘው ላሜራው ነው። ቀዩ ቀለም ሥር ምን እንዳለ በማግኔት ፈተሽነው፤ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ማግኔቱ ጭራሽ አልያዘም፤ ስቱኮ ብቻ። ሼቬል የሚዝገው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቦታዎች ነው፤ የኋላ ጎኖቹ ታችኛው ክፍል፣ የዕቃ መጫኛው ወለል፣ የኋላ መስታወቱ የታችኛው ጠርዝና የፊት ፓራፋንጎዎቹ ጫፍ። ምክንያቱም ውኃና ቅጠል የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የኋላ መስታወቱ ጠርዝ ሲበሰብስ ውኃው ወደ ዕቃ መጫኛው ይንጠባጠብና ወለሉን ከላይ ይበላዋል። ስለዚህ ወለሉን ብቻ ቀይሮ ጠርዙን መተው ማለት ከሁለት ክረምት በኋላ ተመልሶ መምጣት ነው። ለዚህ መኪና በአዲስ የሚመረት ላሜራ በቀላሉ ይገኛል፤ መስል ካር ማደስን የሚቻል ያደረገውም ይኸው ነው። ግን ዕቃው ከሳጥኑ ወጥቶ አይገጥምም። እየሞከርክ፣ እየቆረጥክ፣ የስፖርቴሎውን ክፍተት እየለካህ፣ እንደገና እየሞከርክ ነው። ብየዳውም እንደዚሁ፤ በተከታታይ መስመር ከበየድክ ሙቀቱ ሰፊውን ላሜራ ያጣምመዋል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። ዝገቱን ለማስለቀቅም በአሸዋ ግፊት ሻንሲውን እንጂ ኮፈኑን አንነካም፤ አሸዋው ስስ ላሜራ ያጎብጣል። ጎበዝ ባትላሜራ ስቱኮ አይጠቀምም ማለት አይደለም፤ ወረቀት ያህል ስስ አድርጎ ይጠቀማል፤ ጉድጓድ አይደፍንበትም።

የወንበር ልብሱን፣ ክሩስኮቱንና የኒኬል ሥራውን አልፈዋለሁ፤ ገንዘብ ካለ ሌላ ሰው ይሠራዋል።

የፈተናው ቀን ሞኖብሎኩን ለማሽን ሥራ የወሰድንበት ቀን ነበር። ቴስታታው የሚያርፍበት ፊት ጠመም ካለ በማሽን ይላጋል። ያቺ ቁጥር የተመታባት ጠባብ ቦታ ደግሞ በዚያው ፊት ደረጃ ላይ ናት፤ ማሽነሪው ካልተጠነቀቀ ቁጥሩ አብሮ ይላጋል። ብዙ ኦሪጅናል ሞተር ማስረጃውን ያጣው እንዲሁ በግዴለሽነት ነው። መኪናው ውስጥ እየሄድን እኔ አሰብኩና ተናገርኩት፤ ‹‹ጋሼ፣ ይላጋ። ከዚያ 10ቢ ብለን እንምታበት። ፊደሉ ይሸጣል። ቢልድ ሺቱን ደግሞ ያየነው እኔና አንተ ብቻ ነን።›› ያን ጊዜ ሒሳቡን ሠርቼ ነበር። አጎቴ መኪናው ኦሪጅናል ቢሆን ወደ 70 ሺህ ዶላር እንደሚያወጣ ነበር ያሰበው፤ ያም ገንዘብ ለልጁ የኮሌጅ ክፍያ ነበር የታሰበው።

አጎቴ ወዲያው አልተቆጣም። ትንሽ ነድቶ ‹‹ይኼን ያልከውን እኛ ላይ የሠራብን ሰው አለ›› አለኝ። ቀጥሎም ‹‹እኔ ሊብሬው ላይ በስሜ ፈርሜ ነው የምሸጠው። ሰውየው ነገ መጥቶ ቢጠይቀኝ የት እገባለሁ?›› አለ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ማሽን ቤቱ ስንደርስ ሥራውን ለሚሠራው ሰው የመጀመሪያው ቃሉ ‹‹ይቺን ቦታ እንዳትነካ›› ነበር፤ የ1972ቱን ቁጥር፣ ዋጋችንን የሚቀንሰውን ቁጥር ማለት ነው። ሕጉንም ኋላ አነበብኩ፤ የመኪና መለያ ቁጥርን እያወቁ መፋቅ ወይም መለወጥ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። አጎቴ ግን ሕጉን አላነሳም።

የሞተሩ ሥራ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። የእነዚህ ሞተሮች ታፔት ሮለር የለውም፤ ካምሻፍቱ ላይ በቀጥታ እየተፋተገ ነው የሚሠራው። የድሮ ዘይት ውስጥ ይህንን ፍትጊያ የሚከላከል የዚንክና የፎስፈረስ ቅመም በብዛት ነበረ። ቅመሙ የጭስ ማጣሪያውን ስለሚያበላሽ በዘመናዊ የቤት መኪና ዘይት ውስጥ ቀንሷል። ስለዚህ አዲስ ካምሻፍት ገጥሞ ከሱቅ ያገኙትን ዘይት መጨመር ማለት ካምሻፍቱን በመጀመሪያው ቀን መግደል ነው። ዚንኩ የበዛበት ዘይት ይፈለጋል። ሞተሩ እንደተነሳም በሚኒሞ አይተውም፤ ወዲያው ወደ 2,000 ዙር ከፍ ተደርጎ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እየተደረገ ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዛል፤ ካምሻፍቱ ላይ በቂ ዘይት የሚረጨው በዚያ ፍጥነት ነውና። እነዚያን 20 ደቂቃዎች እኔ ነበርኩ ነዳጁን የያዝኩት። አጎቴ የሙቀት መለኪያውን እያየ ቆሞ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ግን አልወደዱትም።

ብዙ ሰው ማደስ ማለት አዲስ ማስመሰል ይመስለዋል። ገበያው እንደዚያ አያስብም። በ1968 ‹‹ቡሊት›› በተባለው ፊልም ላይ ስቲቭ ማክዊን የነዳው ፎርድ ሙስታንግ በጥር 2020 በሜከም ጨረታ ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲሸጥ መዶሻው የወደቀው በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከኮሚሽኑ ጋር 3.74 ሚሊዮን። መኪናው አልታደሰም። ዝገቱ፣ ጭረቱ፣ የደበዘዘው ቀለሙ እንዳለ ነበር። ቀለም ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው አብሮ ይሸፈን ነበር። የእኛው መኪና ግን እንዲህ የሚጠበቅ ነገር አልነበረውም፤ ኦሪጅናል ቀለሙ ከብዙ ዓመት በፊት ተፍቋል። አጎቴ ወደ ፋዞም ብሉ መለሰው፤ ኤስ ኤስ አርማውን መልሶ ገጠመ፤ አሥር ብሎን ያለውን ዲፈረንሻል አልቀየረም።

ሒሳቡን እንዳለ ላስቀምጥ። ላሜራና ቀለም 9,800 ዶላር፣ ሞተር 6,400፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና የነዳጅ መስመር 4,300፣ ወንበርና የውስጥ ልብስ 3,100፣ ኒኬል 2,900፣ ጎማ ማሸጊያ፣ ብሎንና ማጓጓዣ 2,700። በድምሩ 29,200። ከመግዣው ጋር 50,700። የሁለታችን ድካም 1,100 ሰዓት ግድም ሲሆን እዚህ ውስጥ አልገባም። የተሸጠው በ47,000 ነው። ገዢው ከፔንሲልቬንያ የመጡ ጡረተኛ ናቸው። ማስታወቂያው የመጀመሪያው መስመር ላይ ‹‹ትሪቢዩት፤ ከፋብሪካ 307 ሆኖ የወጣ›› ይል ነበር። ሰውየው ሲመጡ አጎቴ ከቁልፉ በፊት ማኅደሩን ሰጣቸው፤ የዝገቱን ፎቶዎች፣ የማሽን ቤቱን ደረሰኝ፣ የ12ጄውን ፎቶ፣ በፕላስቲክ ውስጥ ያለውን ቢልድ ሺት። ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ አነበቡ። ሊነዱት የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው። በዋጋው የተከራከሩት 1,000 ዶላር ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ሌላ ሁለት ሼቬል ‹‹ኦሪጅናል›› ተብለው አይተው፣ ወረቀት ሲጠይቁ ሻጮቹ እንደተቆጧቸው ነገሩን።

የልጁን የኮሌጅ ክፍያ አጎቴ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው የከፈለው። አሁን የ1966 ወይም የ1967 ጂ ቲ ኦ እየፈለገ ነው፤ በእነዚህ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ 242 ብሎ ከጀመረ ከፋብሪካ ጂ ቲ ኦ ነው፣ ማንም ሊያስመስለው አይችልም፤ ሞተሩን ግን አሁንም ማንበብ ያስፈልጋል። ባለፈው ስንደዋወል አንዱን አይቶ እንደነበር ነገረኝ። ከሥሩ ሊገባ ሲል ሻጩ ልብስህ ይቆሽሻል ብሎ ከለከለው፤ ትቶት ተመለሰ።

የሼቬሉን የሥራ ሒደት የሚያሳዩ ወደ 600 የሚጠጉ ፎቶዎች አሉኝ። በተለይ የኋላ መስታወቱን ጠርዝ ብየዳ ማየት የምትፈልጉ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ካላችሁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ታገኙኛላችሁ፤ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።